በ0.2 ኖዝል ተታልዬ የተማርኩት፦ ኤርብራሽ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይመረጣል?

ሦስተኛውን ኤርብራሼን፣ በአየር ቀለም የሚረጨውን ትንሽ ዕቃ፣ የገዛሁት በቁጥር ተታልዬ ነው። ኖዝሉ፣ ማለትም ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ነበር። እስከዚያ ድረስ የምሠራው በ0.4 ሲሆን፣ በአንድ ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል ክንፍ ላይ የካሙፍላጁ (የወታደራዊ መደበቂያ ቀለሙ) ጠርዝ አልቀጥን ብሎኝ «ቀዳዳው ከጠበበ መስመሩም ይቀጥናል» ብዬ ደመደምኩ። አዲሱ እጄ በገባ ማግስት ግን መስመሩ መቅጠኑ ቀርቶ ይቆራረጥ ጀመር። በየሦስት ደቂቃው ይደፈናል፣ እፈታዋለሁ፣ አጸዳዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ፣ መልሶ ይደፈናል። ከምቀባበት ይልቅ የማጸዳበት ሰዓት በለጠ። ከወራት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ወደ አሮጌው 0.4 ተመለስኩ፤ ቀለሙን ትንሽ አቀጠንኩ፣ ግፊቱን ቀነስኩ፣ ያ እምቢ ያለኝ ቀጭን መስመር ያለ ብዙ ትግል ወጣ።

ኤርብራሽ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የቁጥርና የስያሜ መዓት ነው፤ ሲንግል አክሽን፣ ደብል አክሽን፣ ግራቪቲ፣ ሳይፈን፣ 0.15፣ 0.3፣ 0.5። ሁሉም ሻጭ የራሱን ያሞግሳል። ውስጡ ምን እንደሚካሄድ የገባው ሰው ግን የትኛው እንደሚጠቅመው፣ የትኛው ለማስታወቂያ ብቻ እንደሆነ ራሱ ይለያል። ስለዚህ ከዕቃው ሆድ ልጀምር።

መርፌውና ቀዳዳው

ኤርብራሽ ከወፍራም እስክሪብቶ ብዙም የማይተልቅ የቀለም መርጫ ነው። መሀል ለመሀሉ፣ ከጭራው እስከ አፍንጫው፣ አንድ ረጅም የብረት መርፌ ይዘልቃል። የመርፌው ጫፍ ቀስ እያለ እየሾለ ይሄዳል። አፍንጫው ውስጥ ደግሞ ኖዝል የሚባል፣ በአብዛኛው ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ሾጣጣ ቀዳዳ አለ። መርፌው ወደፊት ሲገፋ ቀዳዳውን እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ወደኋላ ሲሳብ በመርፌውና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል ቀለበት የመሰለ ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል፤ ቀለሙ የሚወጣው በዚያ ነው።

አየሩ በሌላ መንገድ ይመጣል። አየር ከሚጨምቀው ሞተር፣ ከኮምፕረሰሩ፣ በጎማ ተነስቶ፣ ከምላጩ ሥር ባለው ቫልቭ አልፎ፣ ኖዝሉን ከውጭ ከቦ በአፍንጫው ይወጣል። ምላጭ የምለው አመልካች ጣት የሚያርፍበትን መጫኛ ነው። አየሩ በኖዝሉ ጫፍ ዙሪያ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፍ እዚያች ቦታ ላይ ያለው ግፊት ከቀለሙ ኩባያ በላይ ካለው ግፊት ያንሳል። ቀለሙም ግፊት ወዳነሰበት ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፈጣኑ አየር በታትኖ ጉም ያደርገዋል። አየሩ ቀለሙን ከኋላ ሆኖ እየገፋው ሳይሆን ከፊት ሆኖ እየመጠጠው ነው ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ የምናያቸው ብልሽቶች ግማሾቹ የሚመጡት ይህ መምጠጥ ሲዛባ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። 0.4 ወይም 0.2 የሚባለው የኖዝሉ ቀዳዳ ስፋት ነው። ቢበዛ ምን ያህል ቀለም ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል። ቢያንስ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው ግን መርፌውን ምን ያህል እንደሳባችሁት ነው። ሰፊ በር ገርበብ ቢደረግ የሚያስገባው በስንጥቁ ልክ እንደሆነ ሁሉ፣ የ0.4 መርፌም የፀጉር ስፋት ያህል ብቻ ከተሳበ ክፍተቱ በጣም ቀጭን ነው። እኔ 0.2 ስገዛ የገዛሁት ጠባብ በር ነበር፤ የጎደለኝ ግን በሩን በልክ የሚያገረብብ ጣት ነበር።

ጠባብ ኖዝል ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ለጣት ስህተት ይቅር ይላል፤ ምላጩን በተመሳሳይ መጠን ብትስቡት የሚወጣው ቀለም ያነሰ ስለሆነ እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ መስመሩ ድንገት አይሰፋም። በዝቅተኛ ግፊትም ይሠራል። ዋጋውን ግን በሌላ በኩል ያስከፍላል። ቀለሙ በጣም መቅጠን፣ በደንብ የተፈጨ መሆን አለበት። የብረት ብልጭታ ያለበት ቀለም ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ይወትፈዋል። ሰፊ ቦታ ለመሸፈንም ቀኑን ሙሉ ያስቆማል።

ለመጀመሪያ ዕቃ ማን ቢጠይቀኝ ከ0.3 እስከ 0.4 ያለውን እላለሁ። ብዙ ሰው የሚያነሳው የኢዋታ ኢክሊፕስ ኤችፒ ሲኤስ ኖዝሉ 0.35 ነው፤ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ የተባለው የጀርመን አምራች ኢቮሉሽን የተባለውን ዕቃውን ጠባብና ሰፊ ኖዝል ከነመርፌያቸው አብረው ባሉበት ስሪት ይሸጣል፤ እንዲህ ያለውን ቀድሜ ባውቅ ሁለተኛ ዕቃ አልገዛም ነበር። ሥራው በብዛት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ) እና ቫርኒሽ (ከቀለም በኋላ የሚረጭ መሸፈኛ) መርጨት ለሆነ ሰው ደግሞ እንደ ባጀር ፓትሪዮት 105 ያለ ባለ 0.5 ድንቅ ነው፤ ወፍራም ቀለም አያስጨንቀውም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በ1876 ፍራንሲስ ኤድጋር ስታንሊ የተባለ አሜሪካዊ ቀለም ለሚረጭ መሣሪያ ፓተንት አውጥቷል፤ ኋላ ከመንትያ ወንድሙ ጋር በእንፋሎት የምትሄደውን የስታንሊ መኪና የሠራው ያው ሰው ነው። በ1879 አብነር ፒለር በእጅ በሚሠራ የአየር መጭመቂያ የሚነዳ ሌላ መሣሪያ ከትርፍራፊ ዕቃዎች ቀጣጥሎ ሠራ፤ ስሙንም «የቀለም ማከፋፈያ» አለው። ዛሬ እጃችን ላይ ላለው ቅርብ ዘመድ የሆነው የቻርልስ በርዲክ ሥራ ግን በ1893 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የታየው ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ጠራ፣ ልኩ ረቀቀ፤ መርፌና ቀዳዳው ግን ያው መርፌና ቀዳዳ ናቸው።

ምላጩ

የመጀመሪያ ኤርብራሼ ሲንግል አክሽን ነበር። ምላጩን ስትጫኑት አየርም ቀለምም አብረው ይወጣሉ፤ የቀለሙን መጠን ቀድማችሁ በሌላ ብሎን ታስተካክላላችሁ፣ ሥራ መሀል መለወጥ ከፈለጋችሁ ማቆም አለባችሁ። ከዚህም በላይ የእኔው ቀለሙንና አየሩን ከአፍንጫው ውጭ የሚያገናኝ ዓይነት ስለነበር ጉሙ ሻካራ ነው፤ ነጠብጣቦቹ በዓይን ይታያሉ። ሆኖም ለማጽዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ዓይነት ቀለም ሰፊ ቦታ ላይ ለሚያለብስ ሰው ዛሬም አልነቅፈውም።

ደብል አክሽን የሚባለው ሁለቱን ይለያቸዋል። ምላጩን ወደታች ስትጫኑ አየር ይወጣል፣ ሳትለቁ ወደኋላ ስትስቡ ደግሞ ቀለሙ ይመጣል፤ በሳባችሁት ልክ። አንድ ምት ላይ ከፀጉር መስመር ተነስቶ ወደ ሰፊ ጥላ መሄድ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳታት አንዲት ነገር አለች፤ ሲጨርስ ጣቱን ድንገት ያነሳል። አየሩና ቀለሙ አብረው ሲቆሙ ጫፉ ላይ ጠብታ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጭነት ያ ጠብታ ሥራው ላይ ይፈናጠራል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቀለም፤ ሲያበቃ መጀመሪያ ቀለሙ ይዘጋል፣ አየሩ መጨረሻ። አየሩን ጭራሽ ሳይለቁ በቀለሙ ብቻ መጫወት ጣት እስኪለምደው አንድ ሳምንት ይወስዳል።

ኩባያው ከላይ ያለው ግራቪቲ ይባላል፤ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ትንሽ መምጠጥ ይበቃዋል፣ ስለዚህ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል፣ በአምስት ስድስት ጠብታ ቀለምም ሥራ ይጀመራል። ጠርሙሱ ከታች የተንጠለጠለው ሳይፈን ቀለሙን ወደላይ መምጠጥ ስላለበት ግፊት ይፈልጋል፤ በምትኩ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ጠርሙስ በመቀየር ብቻም ቀለም ይለወጣል። ትንንሽ ሞዴል ለሚሠራ ሰው ምርጫው ከላይ ያለው ነው፤ ብዙ አያከራክርም።

ሻጭ የማይነግራችሁ ግን ወሳኝ የሆነ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ኖዝሉ የሚገጠመው እንዴት ነው? አንዳንዱ ኖዝል ጥርስ ወጥቶለት በትንሽ ቁልፍ ይታሰራል። ሌላው ዝም ብሎ ቦታው ላይ ይቀመጥና ከላይ የሚታሰረው ክዳን ይይዘዋል። የእኔ 0.2 ባለጥርስ ነበር። አንድ ምሽት ሲንጠባጠብ አይቼ «ላልቶ ይሆናል» ብዬ በቁልፉ ሩብ ዙር ጨመርኩበት። ጠቅ የምትል ድምፅ ሰማሁ። ኖዝሉ አንገቱ ላይ ተቀንጥሶ ጥርሱ አካሉ ውስጥ ቀረ፤ ያችን ቁራጭ በመርፌ እየቆፈርኩ ለማውጣት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ባለጥርስ ኖዝል ሲነካ ብቻ ጠበቅ ይደረጋል፣ በጣት ጫፍ ኃይል፤ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ለጀማሪ ግን ያለ ቁልፍ የሚቀመጠውን ዓይነት እመርጥለታለሁ፤ ማጽዳት የማያስፈራ ዕቃ ነው የሚጸዳው።

አየሩ

ኮምፕረሰር ላይ አጭር ልሁን፤ ከኤርብራሹ ይልቅ እዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ታንከር የሌለው ትንሽ ኮምፕረሰር በፒስተኑ ምት ልክ አየሩን እያንቀጠቀጠ ይልካል፤ ቀጭን መስመር ላይ ያ መንቀጥቀጥ እንደ ዶቃ ሰንሰለት ሆኖ ይታያል። ሦስት ሊትር የሚያህል ታንከር እንኳ ካለው አየሩ ይረጋጋል፣ ሞተሩም ታንከሩ ሲሞላ ራሱ ስለሚቆም ያርፋል፣ እናንተም ከጩኸቱ ታርፋላችሁ።

ሬጉሌተሩ (የግፊት ማስተካከያው) ላይ ያለው የግፊት ሰዓት የሚያታልልበት መንገድ አለ። አየር ሳይፈስ 1.5 ባር የሚያሳየው ሰዓት ምላጩን ስትጫኑ ወደ 1.2 ሊወርድ ይችላል። እውነተኛው የሥራ ግፊት የኋለኛው ነው። ስለዚህ ምላጩን ተጭናችሁ አየር እየፈሰሰ ሳለ ነው የምታስተካክሉት። ብዙ መመሪያ ግፊትን በባር ሳይሆን በፒኤስአይ ስለሚጽፍ፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ለአብዛኛው የሞዴል ሥራ ከ1 እስከ 1.5 ባር ውስጥ ነው የምኖረው።

ውሃም አለ። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ በታንከሩና በጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይዞት የነበረው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል። አንድ ጊዜ አንጸባራቂ ጥቁር ስረጭ ከየት መጣ ሳልለው የውሃ ጠብታ ሥራው መሀል ተፈናጠረ። የውሃ ማጥመጃ ሬጉሌተሩ ላይ መኖር አለበት፣ ታንከሩም ሥር ያለው ብሎን ተከፍቶ በየጊዜው ውሃው መውጣት አለበት። የጎማው ጥርስ ደግሞ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ባጀርና ፓሽ የየራሳቸው ልክ አላቸው፣ ሌሎች ብዙዎች አንድ ስምንተኛ ቢኤስፒ የሚባለውን የጥርስ ልክ ይጠቀማሉ። ዕቃው መጥቶ ከጎማው ጋር አልገጥም ሲል ከመናደድ፣ መቀየሪያውን አብሮ ማዘዝ።

ቀለሙ፤ ሁሉም ነገር የሚፈርስበትና የሚቃናበት

ከኤርብራሽ ጋር የምናደርገው ጠብ አብዛኛው በእውነት ከቀለም ጋር ነው። መመሪያው ሁሉ «እንደ ወተት ይቅጠን» ይላል፤ እሺ፣ ግን እንዴት ይታወቃል? እኔ በብሩሽ ትንሽ ቀለም አንስቼ የኩባያውን ግድግዳ አስነካለሁ። እንደ ውሃ ወርዶ ግድግዳውን ባዶ ካስቀረ በጣም ቀጥኗል። እየተንቀራፈፈ ከወረደ ወፍሯል። ወተት ብርጭቆ ላይ እንደሚተወው ስስ ሽፋን እየተወ ከወረደ ልክ ነው። ከማንኛውም «ሁለት እጅ ቀለም አንድ እጅ ማቅጠኛ» ስሌት ይህችን አምናለሁ፤ የጠርሙሱ ዕድሜና የቀለሙ ዓይነት ስሌቱን ያዛባዋልና።

በምን ይቀጥናል የሚለው ሌላ ወጥመድ ነው። «አክሪሊክ» የሚለው ቃል ሁለት የማይዋደዱ ቤተሰቦችን በአንድ ስም ይጠራል። የታሚያ ኤክስና ኤክስኤፍ አክሪሊኮች በአልኮል፣ በላከር ቲነርም (ሽታው ኃይለኛ በሆነው ማቅጠኛ) ጭምር ደህና አድርገው ይቀጥናሉ። እንደ ቫሌሆ ያሉት ደግሞ ውሃ መሠረት ናቸው፤ አልኮል ሲነካቸው ይቋጠራሉ። እኔ ይህንን የተማርኩት ጠርሙሱን ሳላነብ ኩባያው ውስጥ አልኮል ጠብ አድርጌ ነው። ቀለሙ ዓይኔ እያየ ተቋጥሮ የላስቲክ ቅንጥብጣቢ ሆነ፤ የተወሰነውም ወደ ኖዝሉ ወረደ። ያን ቀን የተረፈው ሥራ መፍታትና መፋቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም ስገዛ አንድ ጠብታውን ከማቅጠኛው ጋር ሳህን ላይ አዋህጄ ሳላይ ኩባያ ውስጥ አልጨምርም።

ሦስት ነገሮች ተያይዘው ነው የሚሄዱት፦ የቀለሙ ቅጥነት፣ ግፊቱና ከሥራው ያላችሁ ርቀት። አንዱን ስትነኩ ሌሎቹ ይከተላሉ። ቀጭን መስመር ለመሥራት ወደ ሥራው መጠጋት ግድ ነው፤ እኔ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ድረስ እጠጋለሁ። ያን ያህል ተጠግታችሁ ግፊቱ ከፍ ያለ ከሆነ አየሩ ገና ያልደረቀውን ቀለም ወደ ጎን ይገፋዋል፣ እንደ ሸረሪት እግርም ይበታተናል። ስለዚህ ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ወፍራም ቀለም አይበተንም፣ ሻካራ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀለሙ መቅጠን አለበት። በተቃራኒው ሰፊ ቦታ ለመሸፈን ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ስትርቁ፣ ግፊቱ ከበዛ ወይም ቀለሙ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ፣ ነጠብጣቡ አየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል፤ ሥራውን ስትዳብሱት ብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። የእኔ የ0.4 ምሥጢርም ይኸው ነበር። ቀጭን መስመር እየፈለግሁ በመሀለኛ ግፊት፣ በመሀለኛ ቅጥነት፣ ከሩቅ ቆሜ ነበር የምረጨው።

0.2ውስ ለምን ይደፈን ነበር? መርፌው ጫፍ ላይ ቀለም ስለሚደርቅ ነው። የመርፌው ሹል ከኖዝሉ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለማቋረጥ አየር እየነፈሰበት ይቆማል፤ ውሃ መሠረት የሆነ አክሪሊክ ደግሞ ለመድረቅ ሰበብ አይፈልግም። ጫፉ ላይ ቁራጭ ይይዛል፣ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ እናንተ ምላጩን ጨምራችሁ ትስባላችሁ፣ ከዚያ ቁራጩ በድንገት ይለቅና ቀለሙ ይፈናጠራል። በሰፊ ኖዝል ላይ ያ ቁራጭ እንደ ትንሽ ጠጠር ነው፤ በ0.2 ላይ ግን በር የሚዘጋ ቋጥኝ ነው። መድኃኒቱ ማቅጠኛ ያረጠበ ጥጥ አጠገብ አስቀምጦ በየጊዜው ጫፉን ማበስ፣ መድረቅ የሚያዘገይ ጠብታ ቀለሙ ውስጥ መጨመር፣ ግፊቱን መቀነስ ነው። ደረቅ አየር ባለበት ቀን ይብሳል። ላከር ቀለሞች ላይ ይህ ችግር በጣም ያንሳል፤ ሽታቸውና ጭሳቸው ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ወረቀት ላይ

ሥራ ላይ ከመሄዴ በፊት ዛሬም ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ጥቂት ቀለም ይበቃል። መጀመሪያ ነጥብ፤ እጅ ሳይንቀሳቀስ ምላጩን ነካ አድርጎ መልቀቅ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ነጥቦች አንዱ የጥፍር፣ አንዱ የሳንቲም ያህል ይሆናሉ። ሲመሳሰሉ፣ ነጥቦቹን በመስመር ማገናኘት። እዚህ ላይ የሚገለጠው ነገር እጁ ቀለሙ ከመውጣቱ በፊት መንቀሳቀስ መጀመር፣ ቀለሙ ከቆመም በኋላ መቀጠል እንዳለበት ነው፤ አለዚያ መስመሩ በሁለቱም ጫፍ እንደ አጥንት ራስ ያብጣል። ከዚያ ሰይፍ የመሰለ ምት፦ ከሰፊ ተነስቶ፣ እየተጠጉና ምላጩን ወደፊት እየመለሱ፣ ወደ ምንም ማክተም። ይህን አሥር ጊዜ ተከታትሎ ማውጣት የቻለ ሰው ኖዝል መቀየር አያስፈልገውም።

ሲበላሽ

ኩባያው ውስጥ አረፋ ሲወጣ ካያችሁ አየሩ መንገድ ስቶ ወደ ቀለሙ መስመር ገብቷል ማለት ነው። ወይ ኖዝሉ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ማሸጊያው አልቋል፣ ወይ ኖዝሉ ራሱ ተሰንጥቋል፣ ወይም አፍንጫው ላይ ያለው ክዳን በደረቀ ቀለም ጠቧል። ፍሰቱ በምት በምት ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያው የአየር መግቢያ ነው። ቀለም ከጭራው በኩል ከፈሰሰ መርፌውን የሚያቅፈው ማሸጊያ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ተራ የላስቲክ ኦሪንግ (ቀለበት የመሰለ ማሸጊያ) ላከር ቲነር ሲነካው ያብጣል፤ ቴፍሎን ይችለዋል። በዚህ ምክንያትም ሙሉ ኤርብራሹን ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማደር ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ የአየር ቫልቩ ውስጥ ያሉት ኦሪንጎች ቀለም ነክቷቸው ስለማያውቁ መታጠብም አያስፈልጋቸው።

ጉሙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መርፌው ታጥፏል። በዓይን ላይታይ ይችላል። መርፌውን አውጥታችሁ ጫፉን በደረቅ ጥጥ ላይ እያሽከረከራችሁ በቀስታ ጎትቱት፤ ከታጠፈ የጥጡን ክር ይይዛል። ቀላል እጥፋት ለስላሳ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጣት ጫን አድርጎ በማሽከርከር ይቃናል። የከፋው ይተካል፤ መርፌና ኖዝል አላቂ ዕቃ ናቸው፣ ስትገዙ መለዋወጫ የሚገኝለት መሆኑን ማረጋገጥ ከኖዝሉ ቁጥር በላይ ያዋጣል።

ብዙ ኖዝል የሚሞተው ግን በሥራ ላይ ሳይሆን በጽዳት ማብቂያ ላይ ነው። ሰው መርፌውን ሲመልስ «በደንብ ይግባ» ብሎ ይገፋዋል። ሹሉ ብረት ስሱን ቀዳዳ ከውስጥ ይከፍተዋል፣ አፉ እንደ መለከት ይሰፋል ወይም ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጉ ቀጭን መስመር የለም። መርፌው በራሱ ክብደት ገብቶ ሲነካ ይበቃል። ሲጸዳም ከወፍራሙ ወደ ሹሉ እንጂ ከሹሉ ወደ ወፍራሙ አይታበስም፤ ይህ ለጣታችሁም ይበጃል።

ቀለም ስቀይር ኩባያውን እደፋለሁ፣ ማቅጠኛ ጨምሬ በብሩሽ ግድግዳውን አጥባለሁ፣ ንጹሕ እስኪወጣ እረጫለሁ። አፍንጫውን በጨርቅ ሸፈን አድርጎ አየር መልቀቅ አየሩን ወደ ኩባያው ይመልሰውና ተደብቆ የነበረውን ቀለም ያወጣል፤ ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ አረፋ ነው፣ አያስደነግጥም። መርፌና ኖዝል የምፈታው በሥራ ማብቂያ ነው። ሰነፍ ሆኜ ያደረበት ቀለም ጠዋት ላይ ሦስት እጥፍ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሳንባ

ጉም ማለት ወደ ሳንባ ጥልቅ ለመግባት የተመቸ ነጠብጣብ ማለት ነው። «ውሃ መሠረት ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ውሃው ቢተን ሙጫውና ማቅለሚያው ይቀራል። ካድሚየም ያለበት የሠዓሊ ቀለም በብሩሽ የሚቀባ እንጂ የሚረጭ አይደለም። ላከር ለሚረጭ ሰው ተራ የአቧራ ጭምብል ጭሱን አያስቀርለትም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብልና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ያስፈልገዋል፣ የማራገቢያው ሞተርም ብልጭታ የማያወጣ መሆን አለበት፤ ቲነር ይቀጣጠላልና። ባለሁለት ክፍል የመኪና ቫርኒሽ፣ ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሆነው፣ ቤት ውስጥ አይረጭም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ኤርብራሾች አሉ። አንድ ባለ 0.5 ፕራይመርና ቫርኒሽ ብቻ ይረጫል፤ አፉ ትንሽ ተበልቷል፣ ለዚያ ሥራ ግድ የለውም። 0.4ው የቀረውን ሁሉ ይሠራል። 0.2ው በአዲስ ኖዝል ተጠግኖ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የዛሬ ሁለት ወር የአንዲት ጣት የምታክል ምስል ጉንጭ ላይ ጥላ ለመጣል፣ ውሃ በመሰለ ኢንክ፣ ከ1 ባር በታች አወጣሁት፤ አራት ደቂቃ ሠርቶ፣ አሥር ደቂቃ ታጥቦ ተመለሰ።